ከውሻችሁ ጋር ሩቅ ስትጓዙ መዳፉን እዩ

ከውሻችሁ ጋር ሰው በማይደርስበት ዱር ለቀናት የምትጓዙ ከሆነ፣ ከሁሉም በላይ መዳፉን ጠብቁ። ውሻ እግሩን ቢያመውም ከእናንተ ላለመለየት ዝም ብሎ ይከተላል። ማነከስ ሲጀምር ብዙ ጊዜ ረፍዷል። ለእረፍት በቆማችሁ ቁጥር አራቱንም እግሮች አንሱና በጣቶቹ መሃል ዳብሱ። ማታ ድንኳን ውስጥ ደግሞ በባትሪ እያበራችሁ እዩ። እሾህና ጠጠር እዚያ ይሸጎጣል። የሳር ዘር በተለይ ክፉ ነው፤ ቆዳውን በስቶ ወደ ውስጥ ይገባል። ደጋግሞ የሚልሰው እግር ካለ ከሱ ጀምሩ።

ድንጋዩ በፀሐይ ከጋለ የእጃችሁን ጀርባ 7 ሰከንድ አስቀምጡበት፤ ካቃጠላችሁ እሱንም ያቃጥለዋል። የውሻ ጫማ ያዙ፣ ግን ቀደም ብላችሁ ቤት ውስጥ አለማምዱት። ትልቅ ውሻ ከሆነ ደግሞ ቢጎዳ እንዴት ተሸክማችሁ እንደምትመልሱት ሳትነሱ አስቡበት።