የዲሲዥን ትሪ ኮድ የቁጥር ስህተት እንዴት ይስተካከላል?

ሀዋሳ ላይ ሆኖ ዲሲዥን ትሪ (ዳታን በጥያቄ እየከፋፈለ የሚለይ ዛፍ መሰል ሞዴል) ከባዶ ለሚጽፍ ሰው ጥሩ ዳታ የዓሣ ገበያው አሞራ ገደል ይገኛል። የዓሣውን ርዝመትና ክብደት መዝግባችሁ ቆሮሶ፣ አምባዛ ወይስ ቢልጫ እንደሆነ ኮዱ እንዲለይ ታደርጋላችሁ። ችግሩ ግን ኮዱ ኤረር ሳያሳይ ቁጥር ሊያበላሽ ይችላል።

መጀመሪያ ዳታውን አሳንሱት። 4 ቆሮሶና 4 አምባዛ ብቻ ይበቃሉ። ኢንትሮፒው (የዳታው መደባለቅ መጠን፣ መሠረቱ 2 በሆነ ሎጋሪዝም ሲሰላ) 1 መሆን አለበት፣ ርዝመት ሁለቱን ጥርት አድርጎ ከለየም ኢንፎርሜሽን ጌይኑ (ከክፍፍሉ በኋላ ኢንትሮፒው የቀነሰበት መጠን) 1 ነው። በእጅ አስሉና ከኮዱ ጋር አስተያዩ።

ካልገጠመ ወደ ሎጋሪዝሙ ሂዱ። አብዛኛው ጉድ ያለው እዚህ ነው። አንዱ ቅርንጫፍ ላይ ቆሮሶ ብቻ ሲቀር የአምባዛ ድርሻ 0 ይሆናል፣ የ0 ሎጋሪዝም ደግሞ የለም። ናምፓይ (የፓይተን የሒሳብ ላይብረሪ) ማስጠንቀቂያ ብቻ ሰጥቶ ኔጌቲቭ ኢንፊኒቲ ይመልስና 0 በእሱ ሲባዛ ናን (NaN፣ «ቁጥር ያልሆነ») ይወጣል። ናን ከምንም ቁጥር ጋር ቢወዳደር መልሱ «አይበልጥም» ስለሆነ፣ ኮዱ ዓሣዎቹን ከሁሉ በተሻለ የለየውን ክፍፍል ትቶ ደካማውን ይመርጣል። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ድርሻው 0 የሆነውን ክፍል ከድምሩ ዝለሉት። ሎጋሪዝሙ ውስጥ ትንሽ ቁጥር መደመርም ይሠራል፣ ግን ውጤቱን በጥቂቱ ስለሚያዛባ እኔ አልመክረውም።

ቀጥሎ መቁረጫ ነጥቡን እዩ፤ ርዝመቱ ከእሱ የማይበልጥ ዓሣ ወደ ግራ፣ የሚበልጠው ወደ ቀኝ ይሄዳል። የሁለት ተከታታይ ርዝመቶች አማካይ ነው አይደል? ሁለቱ በጣም ከተቀራረቡ አማካዩ ተጠጋግቶ ከትልቁ ጋር እኩል ሊሆን ይችላል። ያኔ ሁለቱ ከሁሉም የሚበልጡት ርዝመቶች ከሆኑ ሁሉም ዓሣ በግራ ይሄዳል፣ ቀኙ ባዶ ይቀራል፣ ከዚያ በ0 ማካፈል ይመጣል። እንደዚያ ሲሆን በአማካዩ ፋንታ ትንሹን ዋጋ ተጠቀሙ።

ጌይኑን ደግሞ ከ0 ጋር አታወዳድሩ። በማጠጋጋት ብቻ ከ0 እጅግ በጥቂቱ ሊበልጥ ስለሚችል ዛፉ በከንቱ ያድጋል። እንደ 0.0000000001 ያለ ዝቅተኛ ወሰን አስቀምጡ።

ሳይኪት ለርን (ዝግጁ ዲሲዥን ትሪ ያለው የፓይተን ላይብረሪ) የምትጠቀሙ ከሆነ ደግሞ ዛፉ ዳታውን ወደ 32 ቢት የአስርዮሽ ቁጥር (float32) እንደሚቀይር አትርሱ። ከ16,777,216 በላይ ካሉ ሙሉ ቁጥሮች ብዙዎቹ በትክክል አይያዙም። መስከረም 15 ቀን 2017ን 20170115 ብላችሁ ካስገባችሁት 20170116 ይሆናል፤ ዓሣው በማግስቱ የተያዘ ይመስላል ማለት ነው። ስለዚህ ቀኑን ከመጀመሪያው መዝገብ ጀምሮ 0፣ 1፣ 2 እያላችሁ ቁጠሩት።