ሚዲ ኪቦርዱ በርቷል፣ ድምፅ ግን የለም

ጎንደር ፒያሳ አጠገብ ባለች ጠባብ ክፍል ቢት (የዘፈን ምትና ዜማ) በላፕቶፕ እሠራለሁ። ልጆች ኪቦርድ ይዘው ይመጡና «መብራቱ ይበራል፣ ድምፅ ግን የለውም፣ ተበላሽቷል መሰለኝ» ይሉኛል። አብዛኛውን ጊዜ አልተበላሸም። ሚዲ ኮንትሮለር በራሱ ድምፅ አያወጣም፤ ይህች ቁልፍ በዚህ ያህል ጉልበት ተነካች የሚል መልእክት ብቻ ነው ለላፕቶፑ የሚልከው። ድምፁ ያለው ሶፍትዌሩ ውስጥ ነው። ስለዚህ መልእክቱ የት ጋ እንደቀረ እንፈልግ።

ላፕቶፑ ጭራሽ ካላወቀው ገመዱን ጠርጥሩ። አንዳንድ የቻርጀር ገመዶች ኃይል እንጂ ዳታ አያሳልፉም፣ ለዚህ ነው መብራቱ እየበራ የሚያታልለን። ከስልክ ወደ ላፕቶፕ ፎቶ ያሳለፈ ገመድ ካላችሁና ቀዳዳው ከገጠመ በእሱ ሞክሩ። ሃብ (አንዱን ቀዳዳ ወደ ብዙ የሚያበዛ ማከፋፈያ) ላይ ከተሰካ ነቅላችሁ በቀጥታ ላፕቶፑ ላይ ሰኩት።

ላፕቶፑ አውቆት ሶፍትዌሩ ዝም ካለ፣ ምናልባት ሌላ ክፍት ፕሮግራም ይዞት ይሆናል። ዊንዶውስ ላይ ይህ በጣም ያጋጥማል። ሁሉንም ዝጉ፣ ኪቦርዱን ሰኩ፣ ከዚያ ሶፍትዌሩን ክፈቱ። ኤፍኤል ስቱዲዮ በሚባለው የሙዚቃ ሶፍትዌር ላይ ኤፍ10 ተጭናችሁ ኢንፑት ከሚለው ዝርዝር የኪቦርዱን ስም ምረጡና ኢኔብል በሉት። ኤብልተን ላይቭ በሚባለው ሌላው ሶፍትዌር ላይ ደግሞ ሚዲ ሴቲንግ ውስጥ ለቁልፎቹ «ትራክ»፣ ለማዞሪያዎቹ «ሪሞት» መብራት አለበት። ትራኩ ላይ የሙዚቃ መሣሪያ መጫኑንም እዩ፤ ባዶ ትራክ ላይ ስንት ሰዓት እንደሚባክን አይቻለሁ።

ድምፁ መጥቶ ከጣታችሁ ኋላ ከቀረ ጥፋቱ የኪቦርዱ ሳይሆን የባፈሩ ነው፤ ባፈር ላፕቶፑ ድምፁን ከማውጣቱ በፊት የሚያጠራቅመው የሳምፕል (የድምፅ ቅንጣት) ብዛት ነው። በ44,100 ሄርዝ (በሰከንድ 44,100 ሳምፕል) 1024 ሳምፕል ብቻውን ወደ 23 ሚሊሰከንድ ይወስዳል፣ 128 ግን 3 ገደማ። የእስክስታ ከበሮ በእጅ ለመቅዳት የመጀመሪያው አይሆንም፣ ምቱ ይንሸራተታል። ዊንዶውስ ላይ ከሆናችሁ አሲዮ ድራይቨር (ድምፁን ሳያዘገይ የሚያሳልፍ ሶፍትዌር) ምረጡና ባፈሩን ወደ 128 አውርዱ። ላፕቶፑ ደክሞት መንጣጣት ከጀመረ 256 ላይ አቁሙት። ስትሚክሱ መልሳችሁ ከፍ ብታደርጉት ችግር የለውም።

ማዞሪያውን ስትነኩት ቮልዩሙ በአንዴ ከዘለለ፣ ማዞሪያው ያለበት ቦታና ስክሪኑ ላይ ያለው ቁጥር አልተገናኙም ማለት ነው። ሶፍትዌሩ ውስጥ «ፒክአፕ» የሚል ምርጫ ካለ አብሩት፤ ማዞሪያው ስክሪኑ ላይ ያለው ቁጥር ጋ እስኪደርስ ይጠብቃል።

ለማሲንቆ ድምፅ መንሸራተቻ ግን ተራ ማዞሪያ አትጠቀሙ። ተራው ብዙ ጊዜ ከ0 እስከ 127 ብቻ ነው የሚቆጥረው፣ ስለዚህ ድምፁ ደረጃ እንደሚወርድ ሰው ይረግጣል። የፒች ማዞሪያው (ድምፁን የሚያቀጥነውና የሚያወፍረው) መልእክት ግን እስከ 16,384 እርከን መያዝ ይችላል፣ አዝማሪው ጣቱን ጭራው ላይ እንደሚያንሸራትተው ለስለስ ይላል። ክልሉ ከጠበባችሁ ፕለጊኑ (ድምፁን የሚያወጣው የሶፍትዌር መሣሪያ) ውስጥ «ቤንድ ሬንጅ» የሚለውን ከ2 ግማሽ ድምፅ ወደ 5 ወይም 7 ከፍ አድርጉት።