ለልዩ ፍላጎት ተማሪዎች የአእምሮ ጤና ግብ ማውጣትና መከታተል እንዴት ይቻላል?

«ስሜቱን ይቆጣጠራል»፣ «ጭንቀቱ ይቀንሳል»፣ «መረበሽ ያቆማል»። በብዙ ተማሪዎች የግል የትምህርት ዕቅድ ላይ የአእምሮ ጤና ግብ ተብለው የሚሰፍሩት እንዲህ ያሉ ዓረፍተ ነገሮች ናቸው። ሦስቱም አይለኩም። ሦስተኛው ደግሞ ከልጁ ይልቅ ለክፍሉ ጸጥታ የተጻፈ ነው። ልጅ ዝም ስላለ ደህና ነው ማለት አይደለም፤ በተለይ ኦቲዝም ያለባቸው አንዳንድ ተማሪዎች ጭንቀታቸውን ትምህርት ቤት ውስጥ ደብቀው ይውሉና ቤት ሲገቡ ይፈነዳሉ። ስለዚህ ግቡ ልጁ ሲጨንቀው ምን ማድረግ እንደሚችል መናገር አለበት።

1. መጀመሪያ ሕመም አለመሆኑን ያጣሩ

በቃላት መናገር የማይችል ልጅ በድንገት መማታት ወይም ራሱን መንከስ ከጀመረ ጠባዩን ከመጠርጠርዎ በፊት የጥርስ ሕመምን፣ የጆሮ ኢንፌክሽንን፣ የሆድ ድርቀትን፣ የእንቅልፍ ማነስንና በቅርቡ የተቀየረ መድኃኒትን ያስቡ። ቤተሰቡን ይጠይቁ፤ ሐኪምም ይየው።

ከዚህ የባሰው ስህተት የድብርትን ወይም የጭንቀትን ምልክት «የጉዳቱ ጠባይ ነው» ብሎ ማለፍ ነው። የሚወደውን ጨዋታ የተወ፣ የምግብ ፍላጎቱ የቀነሰ፣ ከሰው የሸሸ ልጅ የአእምሮ እድገት ውስንነት ስላለበት አይደለም እንዲህ የሆነው፤ ውስንነቱ ትናንትም ነበረ።

2. መነሻውን ይለኩ

ግብ ከመጻፍዎ በፊት ቢያንስ ከ3 እስከ 5 በሚሆኑ የተለያዩ ቀናት ይመዝግቡ። የሚለካው ነገር እንደ ችግሩ ይለያያል። ከክፍል ሮጦ መውጣት በብዛት ይቆጠራል። ለቅሶ ግን በቀን 1 ጊዜ መጥቶ 40 ደቂቃ የሚቆይ ከሆነ ብዛቱ ምንም አይነግርዎትም፤ መለካት ያለበት ደቂቃው ነው።

ከቁጥሩ ጎን ሦስት ዓምድ ይክፈቱ፦ ከድርጊቱ በፊት ምን ነበር፣ ልጁ ምን አደረገ፣ ከዚያ ምን ሆነ። ሦስተኛውን ዓምድ ብዙ ሰው ይዘለዋል፤ ምስጢሩ ያለው ግን እዚያ ነው። ተማሪዋ በጮኸች ቁጥር ከከባድ ሥራ ገለል የምትደረግ ከሆነ ጩኸቷ የእረፍት መጠየቂያዋ ሆኗል ማለት ነው።

3. ግቡን በአራት ክፍል ይጻፉ

በምን ሁኔታ፣ ምን ታደርጋለች፣ በምን ያህል፣ እስከ መቼ። ለምሳሌ በመነሻ ምዝገባው ከ10 አጋጣሚ በ1ዱ ብቻ እረፍት የጠየቀች ተማሪ ብትሆን ግቡ እንዲህ ሊጻፍ ይችላል (የእረፍት ካርድ ተማሪዋ በቃል ፋንታ አሳይታ እረፍት የምትጠይቅበት ካርድ ነው)፦

«ሥራ ሲከብዳት፣ ቢበዛ አንድ ጊዜ ብቻ ተነግሯት፣ የእረፍት ካርዷን ታሳያለች፤ በ8 ሳምንት ውስጥ፣ ከ10 አጋጣሚ በ6ቱ፣ ለተከታታይ 2 ሳምንት።»

ከ1 ወደ 10 የሚዘል ግብ ልጅቷንም መምህሯንም ተስፋ ያስቆርጣል። ጽፈው ሲጨርሱ አንድ ነገር ይጠይቁ፦ የተኛ ልጅ ይህን ግብ ያሟላል? «አይጮኽም» የሚለውን የተኛ ልጅም ያሟላዋል፤ ስለዚህ እንደገና ይጻፉት።

አዲሱ ድርጊት የድሮውን ሥራ መሥራት አለበት። ካርዱን አሳይታ «ቆይ፣ መጀመሪያ ጨርሺ» ከተባለች ነገ ተመልሳ ትጮኻለች፤ ጩኸቱ ይፈጥንላታላ። ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ካርዱ በታየ ቁጥር እረፍቱ ወዲያው ይሰጥ። የእረፍቱን ብዛት መቀነስ በኋላ የሚመጣ ሥራ ነው።

ውስጣዊ ስሜትን ለመከታተል ከ1 እስከ 5 ያለው የስሜት መለኪያ ይጠቅማል፤ ለአንዳንድ ልጆች ግን 2 ወይም 3 ሥዕል ይበቃል። ልጁ አጠቃቀሙን የሚማረው ተረጋግቶ ሳለ ነው። ተናድዶ «አሁን ስንት ቁጥር ላይ ነህ?» ቢባል መለኪያውን ራሱን ይጠላዋል። በአንድ ጊዜ ከ2 ወይም ከ3 በላይ ግብ አይያዙ፤ የትኛው እንደሚቀድም ልጁን ራሱን በቃል፣ በምልክት ወይም በሥዕል ይጠይቁት።

4. በየዕለቱ ይመዝግቡ

ቅጹ ለአንድ ክፍለ ጊዜ ከጥቂት ሰከንድ በላይ የሚወስድ ከሆነ ማምሻውን በትዝታ ይሞላል፤ በትዝታ የተሞላ ቅጽ ደግሞ ከዕለቱ የከፋችውን አንዲት ደቂቃ ብቻ ነው የሚይዘው። ለየክፍለ ጊዜው 0 (አላደረገችም)፣ 1 (በከፊል አደረገች) ወይም 2 (አደረገች) ብሎ መጻፍ ይበቃል። የተሰጠውን እገዛም በአንድ ፊደል ያመልክቱ፦ ብቻዋን (ብ)፣ በምልክት (ም)፣ በቃል (ቃ)። ከ10 በ6ቱ ብቻዋን ያደረገች ልጅና በ6ቱም በቃል የተነገራት ልጅ ቁጥራቸው አንድ ቢሆንም የደረሱበት ቦታ ይለያያል።

አልፎ አልፎ ሁለተኛ ሰው በተመሳሳይ ሰዓት ለብቻው ይቁጠር። ስምምነታችሁ ከ80 በመቶ በታች ከሆነ የድርጊቱ ትርጉም ግልጽ አይደለም፤ አስተካክላችሁ ጻፉት። ሠንጠረዡ ግድግዳ ላይ አይለጠፍ። የልጁ የጤና ምስጢር ነው።

ልጁ ራሱን ስለመጉዳት ወይም ስለመሞት ከተናገረ ወይም በሥዕል ካሳየ ይህ የሠንጠረዥ ጉዳይ አይደለም። ብቻውን አይተዉት፤ በዚያው ቀን ለቤተሰቡና ለአእምሮ ጤና ባለሙያ ያሳውቁ። አደጋው የቀረበ ከመሰለ ወዲያውኑ ወደ ድንገተኛ ሕክምና ይውሰዱት።

5. ግራፉን አንብበው ይወስኑ

ከመነሻው ቁጥር እስከ ግቡ ቀጥ ያለ መስመር ያስምሩና ውጤቱን በየጊዜው ነጥብ አድርገው ያስቀምጡ። 4 ተከታታይ ነጥቦች ከመስመሩ በታች ከወደቁ ዕቅዱ ይቀየር፦ ካርዱ በእጇ አጠገብ አለ ወይ? ሥራው ከአቅሟ በላይ ነው ወይ? ሁሉም መምህር እረፍቱን ይሰጣል ወይ? ግቡን ከማውረድዎ በፊት በአዋቂዎቹ በኩል ያለውን ይፈትሹ። ነገር ግን በ2ኛው ቀን አይደናገጡ። ጩኸት የለመደውን ውጤት ሲያጣ ከመቀነሱ በፊት ለጥቂት ቀናት ሊብስ ይችላል። ብዙ ዕቅድ የሚጣለውም በዚሁ ሰዓት ነው።

ግቡ ሲሞላ እገዛውን በአንድ ጊዜ አያንሱ። ከቃል ወደ ምልክት፣ ከምልክት ወደ መጠበቅ ይውረዱ፤ ከዚያ በሌላ መምህር ክፍል፣ በምሳ ሰዓትና ቤት ውስጥም መሥራቱን ይፈትሹ። ቁጥሩ ተመልሶ ከወረደ ወደ ቀደመው የእገዛ ደረጃ ለ1 ወይም 2 ሳምንት ተመልሰው እንደገና ይሞክሩ።