ማግኔቲክ ድሪል ልትገዙ ነው? መጀመሪያ የምትበሱትን ብረት ለኩ

ማግኔቲክ ድሪል በማግኔት ብረት ላይ ተጣብቆ የሚበሳ ማሽን ነው። ሱቅ ስትገቡ ሻጩ ቀድሞ የሚነግራችሁ ቁጥር «ይሄ እስከ 50 ይበሳል» የሚለውን ነው፤ 50 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ቀዳዳ ማለቱ ነው። ቁጥሩ ውሸት አይደለም። ግን እሱን ብቻ ሰምቶ የሚገዛ ሰው ወይ ተሸክሞ መሰላል የማይወጣበት ከባድ ማሽን ይገዛል፣ ወይ ደግሞ ሥራ ቦታ ደርሶ ማግኔቱ አልይዝ ይለዋል። ስለዚህ መጀመሪያ የራሳችሁን ሥራ ዕወቁ። አዘውትራችሁ የምትበሱት ብረት ውፍረቱ ስንት ነው? ቀዳዳው ለየትኛው ብሎን ነው? ብረቱ ጠረጴዛ ላይ ይመጣላችኋል ወይስ እናንተ ናችሁ ወደቆመው ኮለን (የብረት ምሰሶ) የምትወጡት?

ከብሎኑ እንጀምር። ሼድና መጋዘን ላይ በብዛት የሚታሰረው ባለ 16፣ ባለ 20 እና ባለ 24 ብሎን ነው። ቀዳዳው እንደተለመደው 2 ሚሊ ሜትር ሰፋ ተደርጎ ይበሳል፤ 18፣ 22 እና 26 ማለት ነው። ሥራችሁ ይሄ ከሆነ እስከ 35 የሚበሳ ማሽን ይበቃችኋል። ክብደቱ ከ10 እስከ 13 ኪሎ አካባቢ ስለሆነ አንድ ሰው ያነሳዋል። የቤዝ ፕሌት (ከኮለኑ እግር ሥር የሚቀመጠው ወፍራም ብረት) ቀዳዳ ብዙ ጊዜ ከዚህ ስለሚሰፋ፣ እሱን በብዛት የምትሠሩ ከሆነ ወደ 50ው ሂዱ። ከዚያ በላይ ያለው ለወርክሾፕ እንጂ ለሳይት አይመችም፤ ክብደቱ ብቻ ሁለት ሰው ያስይዛል።

አሁን ወደ ማግኔቱ፤ ዋናው ነገር እሱ ነው። ካርቶኑ ላይ የተጻፈው የመያዝ ኃይል የሚለካው ንጹሕና ወፍራም ብረት ላይ ነው፤ ብዙውን ጊዜ 25 ሚሊ ሜትር ላይ። ማግኔት እንዲይዝ ጉልበቱ የሚያልፍበት ብረት ከሥሩ ያስፈልገዋል፤ ብረቱ ሲሳሳ ጉልበቱም አብሮ ይሳሳል። 6 ሚሊ ሜትር ላሜራ ላይ የምታገኙት ኃይል ከተጻፈው በጣም ያነሰ ነው። ብዙ ማሽኖች ከ6 ባነሰ ላይ አትጠቀሙ ይላሉ፣ አንዳንዶቹ ደግሞ ከ10 ይጀምራሉ፣ ስለዚህ ከመክፈላችሁ በፊት መመሪያውን ገልጣችሁ ዝቅተኛውን ውፍረት እዩ። ላሜራችሁ ቀጭን ከሆነ ግን መላ አለ። ማግኔቱ በሚያርፍበት ቦታ ልክ ከሥር ሌላ ወፍራም ብረት አስጠጉ። ማግኔቱ ሁለቱንም አብሮ ስለሚስብ አያያዙ ወዲያው ይለወጣል።

ቀለም፣ ዝገት፣ የብየዳ ፍንጣሪ፣ ከፊተኛው ቀዳዳ የቀረ የብረት ፍቅፋቂ፣ እነዚህ ሁሉ ማግኔቱን ከብረቱ ያርቁታል። በግራይንደር ወይም በሽቦ ብሩሽ አንዴ ጥርግ ማድረግ ነው። ቼከርድ ፕሌት (ፊቱ ላይ ጎበጥ ጎበጥ ያለ ቅርጽ ያለው ላሜራ) ከሆነ ደግሞ ገልብጡትና በለስላሳው ጀርባ በኩል ብሱት።

አር ኤች ኤስ (ውስጡ ባዶ የሆነ ባለ አራት ማዕዘን ብረት) ለመብሳት ብላችሁ ይሄን ማሽን እንዳትገዙ። ግድግዳው ቀጭን ነው፣ ፊቱም ጠባብ ነው፤ ለሱ ተራ ድሪልና ጥሩ ሆል ሶው ይበቃል። አሉሚኒየምና እንደ 304 ያለ ስቴንለስም ማግኔት አይዛቸውም። ግድ ከሆነ ማሽኑን ወፍራም የብረት ጠረጴዛ ላይ አስይዛችሁ ስቴንለሱን እዚያው ጠረጴዛ ላይ በክላምፕ እሰሩት።

ብዙ ሰው ሞተሩን ያይና ካተሩን፣ ማለትም ማሽኑ ላይ ተገጥሞ ብረቱን የሚቆርጠውን፣ ይረሳዋል። ካተር እንደ ፑንታ (ተራ የድሪል መብሻ) ቀዳዳውን ሙሉ በሙሉ አይፈጭም፤ መሃሉ ክፍት ስለሆነ ዙሪያውን ብቻ ይቆርጥና መሃሉን ድፍኑን ያወጣዋል። 22 ቀዳዳ በትንሽ ሞተር የሚበሳው ለዚህ ነው። ስትገዙ የሚታየው ሁለት ነገር ነው። አንደኛ የካተሩ ጭራ። በጣም የተለመደው 19 ሚሊ ሜትር የሆነው፣ ሁለት ጎኑ የተላጠውና «ዌልደን» የሚባለው ነው፤ ማሽኑ ይሄን የሚቀበል ከሆነ የማንኛውንም ፋብሪካ ካተር ትጠቀማላችሁ። የራሱን ልዩ ጭራ ብቻ የሚቀበል ማሽን፣ እንደ ፌይን ያለ ስም ያለው ፋብሪካ ቢሠራው እንኳ፣ ካተሩን ገበያ ላይ ማግኘታችሁን ሳታረጋግጡ አትግዙት። ማሽን አንዴ ነው የሚገዛው፣ ካተር ግን ሁልጊዜ ነው። ሁለተኛው ጥልቀቱ ነው። 25 እና 50 በብዛት አለ። ብረታችሁ 12 ወይም 16 ከሆነ ባለ 25ቱን ውሰዱ፣ አጭር ካተር አይንቀጠቀጥም፣ ቶሎም አይሰበርም።

ካተሩ ኤች ኤስ ኤስ (ለመቁረጫ የሚሆን ጠንካራ ብረት) ይሁን ወይስ ካርባይድ (ከሱም የሚጠነክር ግን ተሰባሪ)? ለተራ ብረት ኤች ኤስ ኤሱ ይሻላል ባይ ነኝ። ይሳላል፣ ትንሽ መንቀጥቀጥም ይችላል። ካርባይዱ ፈጣን ነው፣ ጠንካራ ብረትም ይቆርጣል፣ ግን ማሽኑ ትንሽ ከተነቃነቀ ጥርሱ ይረግፋል። ሁለት ላሜራ ደርባችሁ አንዴ ለመብሳትም አትሞክሩ። የላይኛው ድፍን ብረት ካተሩ ውስጥ ይቀርና የታችኛውን ሲነካ አብሮ መሽከርከር ይጀምራል፣ ካተሩም እዚያው ይቆማል።

ካተር በአብዛኛው ከ12 ሚሊ ሜትር ነው የሚጀምረው። ከዚያ በታች ለመብሳት ማሽኑ ተራ ፑንታ የሚይዝ ቸክ መቀበሉን ጠይቁ። ቀዳዳው ውስጥ ለብሎን የሚሆን ጥርስ በታፕ ማውጣት ከፈለጋችሁ ደግሞ ማሽኑ ወደ ኋላ የሚዞርና ቀስ ብሎ መሄድ የሚችል መሆን አለበት፤ ይሄ የሌለው ማሽን ላይ ታፑ ይሰበርባችኋል።

ፍጥነት ላይ ትንሽ ሒሳብ አለ። ኤች ኤስ ኤስ ካተር ተራ ብረት ላይ በደቂቃ ከ25 እስከ 30 ሜትር ቢቆርጥ ይስማማዋል። ይሄ ሲመነዘር ለ14 ቀዳዳ በደቂቃ 600 ዙር አካባቢ፣ ለ22 ወደ 400፣ ለ50 ግን ከ200 በታች ነው። እና «እስከ 50 ይበሳል» የተባለው ማሽን አንድ ፍጥነት ብቻ ኖሮት እሱም 400 ከሆነ፣ 50ውን ሲበሳ ካተሩን እያቃጠለ ነው። ባለ ሁለት ማርሽ ፈልጉ። በማብሪያው ብቻ ፍጥነቱን የሚቀንሰው አይተካውም፣ ዙሩ ሲቀንስ ጉልበቱም ይቀንሳላ።

መብራቱስ? ከአሜሪካ በዘመድ የሚመጣው ማሽን 120 ቮልት ነው፤ የኛ 220 ላይ በቀጥታ ከሰካችሁት አበቃለት። ትራንስፎርመሩንም ዋጋው ላይ ደምሩት። ከሁሉም በላይ ግን፣ መብራት ሲሄድ የተለመደው ማግኔት ወዲያው ይለቃል። ጠረጴዛ ላይ ከሆነ ማሽኑ ዝም ብሎ ይቀመጣል። ኮለን ጎን ላይ ወይም ቢም (አግዳሚ ብረት) ሥር ከሆነ ግን 13 ኪሎ ብረት ከነካተሩ ይወርዳል። ሰንሰለቱ ወይም ቀበቶው ለዚህ ነው የመጣው፣ ጎን ላይና ከራሳችሁ በላይ ስትሠሩ ሁልጊዜ እሰሩት። በባትሪ የሚሠሩ፣ እንደ ሚልዋኪ ያሉት፣ በቋሚ ማግኔት ስለሚይዙ ኃይል ቢቋረጥም አይለቁም። ውድ ናቸው፤ ግን ከፍታ ላይ ለሚውል ሰው ያዋጣሉ። ማሽኑ ባለበት ብረት ላይ ደግሞ አትበይዱ፣ የብየዳው ከረንት በማሽኑ በኩል መንገድ ካገኘ ኤሌክትሮኒክሱን ይጨርሰዋል።

ስትበሱ መጀመሪያ ላይ ቀስ በሉ። ጥርሱ ዙሪያውን እስኪይዝ ድረስ እጀታውን በትንሹ፣ ከዚያ በእኩል ጫና ጫኑት፣ መሃል ላይ አትቁሙ። ፍቅፋቂው ነጭ ሆኖ ተጠቅልሎ ከወጣ ደህና ነው። ሰማያዊ ከሆነ ዘይት አልደረሰውም ወይም ዙሩ በዝቷል። ጎን ላይና ከራሳችሁ በላይ ስትሠሩ ከጠርሙስ የሚንጠባጠበው ዘይት ወደ ካተሩ ስለማይሄድ ወፍራሙን የመቁረጫ ቅባት (ፔስት) ወይም ስፕሬዩን ተጠቀሙ። ሲያልቅ ድፍኑ ብረት ተወርውሮ ይወጣል። ትኩስ ነው፣ ጠርዙም ይቆርጣል፣ ስለዚህ ከሥር ሰው አይቁም።

ሱቅ ውስጥ ሳትከፍሉ የምትሞክሩት ይሄን ነው። ወፍራም ብረት ላይ አስቀምጡና ማግኔቱን አብሩ፣ ከዚያ በሁለት እጅ ገፍታችሁ ለማንሸራተት ሞክሩ። በእጀታው ሞተሩን ዝቅና ከፍ እያደረጋችሁ ስላይዱ (ሞተሩ የሚንሸራተትበት) ወደ ጎን ይላወስ እንደሆነ እዩ፤ ማጥበቂያ ብሎኖቹ የት እንዳሉም ይታዩ። ሞተሩ እየዞረ ሶኬቱን ንቀሉና መልሳችሁ ሰኩ። በራሱ መዞር ከጀመረ ሌላ ማሽን አሳዩኝ በሉ። በመጨረሻ ካርቶኑን ገልብጡት፤ ሰንሰለቱ፣ የካተር ማጥበቂያ ቁልፉና የመሃል ፒኑ (ካተሩ መሃል የሚገባው ዘንግ) አሉ? ፒኑ ለ25ና ለ50 ካተር ርዝመቱ ይለያያል፤ ደግሞ ቀጭን ስለሆነ ቶሎ ይጣመማል፣ ከየዓይነቱ ሁለት ሁለት ጨምራችሁ ያዙ።