ሳያናን ስናነብ የምንሠራቸው ስህተቶች

ሳያና የ14ኛው ክፍለ ዘመን የደቡብ ሕንድ ሊቅ ነው። በቪጃያናጋራ መንግሥት ቤተ መንግሥት ሚኒስትር ነበር፤ እዚያው ሆኖ የቬዳዎችን፣ ማለትም የሂንዱዎችን ጥንታዊ ቅዱሳት መጻሕፍት፣ ትርጓሜ በሳንስክሪት ጻፈ። ያረፈው በ1387 እ.ኤ.አ. ነው። አዲስ አንባቢ እሱ ላይ የሚሳሳተው ግን ሁሌም እዚያው እዚያው ቦታ ነው።

የመጀመሪያው ስህተት አንድ ቁርጥ ያለ ፍቺ መጠበቅ ነው። አንድምታ ሰምቶ ያደገ ሰው እዚህ ላይ አይቸገርም። የእኛ መምህራን «አንድም» እንደሚሉት ሁሉ ሳያናም «ያድቫ» ይልና ሌላ ፍቺ ይጨምራል። ከቬዳዎቹ አንዱ በሆነው የመዝሙር ስብስብ፣ በሪግቬዳ፣ 4ኛ መጽሐፍ፣ 58ኛው መዝሙር ላይ አራት ቀንድ፣ ሦስት እግር፣ ሁለት ራስና ሰባት እጅ ያለው በሬ አለ። ሳያና መጀመሪያ በሬውን መሥዋዕት ነው ይለዋል፤ ቀንዶቹ አራቱ ቬዳዎች፣ እጆቹ ሰባቱ የግጥም ምጣኔዎች ይሆናሉ። ቀጥሎ ደግሞ ያው በሬ ፀሐይ ይሆናል። ቀንዶቹ አራቱ ማዕዘን፣ ራሶቹ ቀንና ሌሊት፣ እጆቹ ሰባት ጨረር። እግሮቹስ? ሦስቱ ቬዳዎች! «ቅድም አራት አላልክም እንዴ?» ብሎ የሚሟገት ሰው ጨዋታው አልገባውም።

ሁለተኛው ማኅበራዊ ሚዲያው የወደደው ነው፤ «ሳያና የብርሃንን ፍጥነት ያውቅ ነበር» የሚለው። ነገሩ የመጣው ከሪግቬዳ 1ኛ መጽሐፍ 50ኛ መዝሙር ትርጓሜ ነው። እዚያ ላይ በግማሽ ኒሜሻ 2,202 ዮጃና ለሚጓዘው ሰላምታ የሚያቀርብ ጥቅስ ይጠቅሳል። ግን መዝሙሩ የተዘመረው ለፀሐይ ነው። ኒሜሻ የዓይን ጥቅሻ ያህል ጊዜ ነው፤ ዮጃና የሚባለው የርቀት መለኪያም ርዝመቱ ከመጽሐፍ መጽሐፍ ይለያያል። የሚመቸውን ልኬት የመረጠ ወደ 300,000 ኪሎ ሜትር በሰከንድ ይጠጋል፤ ሌላውን የወሰደ በብዙ ይርቃል። መልሱን ይዞ ስሌት ፍለጋ መሄድ ይሉሃል ይሄ ነው።

ከወንድሙ ከማድሃቫ ጋር ማምታታትም አለ። «ማድሃቪያ ዳቱቭሪቲ» የተባለው የግሥ መጽሐፍ በወንድሙ ስም ቢጠራም የሳያና ሥራ ነው።

ሪግቬዳ አንደኛ ስለሚባል ሳያና ከእሱ የጀመረ የሚመስላቸውም አሉ። የጀመረው ከሌላው ቬዳ፣ ከያጁርቬዳ ነው። ምክንያቱን ራሱ ነግሮናል፤ በመሥዋዕት ሥርዓት ዋናውን ሥራ የሚሠራው የያጁርቬዳ ካህን ነው። ስለዚህ ስለ ንጋት የተዘመረ ውብ ግጥም ከፍታችሁ የሥርዓት ማብራሪያ ብታገኙ አትናደዱ። ሰውዬው የሚያነበው ለመሥዋዕቱ ነው።

የመጨረሻው ስህተት ወይ ሙሉ በሙሉ ማመን፣ ወይ ጭራሽ መጣል ነው። ጀርመን ተወላጁ ሊቅ ማክስ ሙለር ከ1849 እስከ 1874 እ.ኤ.አ. ሪግቬዳን ከሳያና ትርጓሜ ጋር አሳተመ። ሌላው ጀርመናዊ ሊቅ ሩዶልፍ ሮት በበኩሉ መዝሙሮቹን እርስ በርስ ማስተያየት ይሻላል ብሎ ተከራከረ። እኔ በሰዋስውና በሥርዓት ጉዳይ ሳያናን አምነዋለሁ። ጥንታዊ ቃል ሲያጋጥመኝ ግን ሌላም አመሳክራለሁ። በመዝሙሮቹና በእሱ መካከል ከ2,000 ዓመት በላይ አለ፤ አንዳንዱን ቃል አንድ ገጽ ላይ እንዲህ፣ ሌላ ገጽ ላይ እንዲያ ይፈታዋል።