ሆዷ የተነፋ ውሻ ሁሉ አላረገዘችም፦ ስለ ኩሺንግ በሽታ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

አራት ኪሎ ባለው ግቢያችን ቡቺ የምትባል ውሻ ነበረችን። ስምንት ዓመት ሲሆናት ሆዷ እንደ ከበሮ ተነፋ፤ ሦስት ጎረቤቶችም ቡችላ ይሰጠን ብለው ተራ ያዙ። እርግዝና ግን አልነበረም። ከኩላሊት አጠገብ ያሉት አድሬናል የሚባሉ ትንንሽ ዕጢዎች ኮርቲሶል የተባለውን ሆርሞን ከልክ በላይ ሲያመርቱ የሚመጣው የኩሺንግ በሽታ ነበር። እስክናውቀው ድረስ ያልሠራነው ስህተት የለም።

ፀጉር መርገፍን ሁሉ እከክ ማለት። ትልቁ ጥፋታችን ይህ ነው። እከክ ያለባት ውሻ ራሷን ስታክ ትውላለች። በኩሺንግ የሚመጣው መላጣ ግን ቆዳው ካላመረቀዘ በስተቀር ብዙ ጊዜ አያሳክክም፤ በሁለቱም ጎን ተመሳስሎ ይወጣል፣ ራስና እግር ላይ ያለው ፀጉር ይተርፋል፣ የሆድ ቆዳ ሳስቶ የደም ሥሩ ይታያል። አንዳንዴም ቆዳው ላይ እንደ ኖራ የሚሻክር ጠጣር ነገር ይወጣል። ዘበኛችን ደግ አሳቢ ናቸውና ከጋራዥ የተቃጠለ የመኪና ዘይት አምጥተው ቀቧት። ውሻ የተቀባችውን ትልሳለች፤ ያ ዘይት ደግሞ መርዝ ነው።

ውሃዋን አለመለካት። ሐኪሙ ቡቺን ገና ሳይነኩ «በቀን ስንት ሊትር ትጠጣለች?» ሲሉ ጠየቁን፤ እርስ በርሳችን ተያየን። ግቢ ውስጥ ሳህኑን ያገኘው ሁሉ ይሞላዋል፤ የሚቆጥር የለም። አንዲት ውሻ በቀን ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደቷ ከ100 ሚሊ ሊትር በላይ ከጠጣች፣ ማለትም 20 ኪሎ የምትመዝነው ከ2 ሊትር ካለፈች፣ ሊመረመር የሚገባው ነገር አለ። በሃይላንድ ጠርሙስ እየለኩ ለጥቂት ቀናት ይመዝግቡ። በረንዳው ላይ ሸናች ብለው ውሃ አይከልክሏት። ስኳርና የኩላሊት ሕመምም እንዲሁ ያስጠማሉ። ያልተመከነች ውሻ ሆዷ ተነፍቶ ውሃ ካበዛች ደግሞ ማህፀኗ መግል ቋጥሮ ሊሆን ስለሚችል በዚያው ዕለት ሐኪም ይያት።

መብላቷን እንደ ጤና መቁጠር። ቡቺ በዐቢይ ጾም እንኳ ሽሮ የነካውን እንጀራ ከሳህን ላይ ትሰርቅ ነበር፤ እኛም ደስ ይለን ነበር። በሽታው ራሱ ያስርባል።

እርጅና ነው ብሎ መተው። በሐምሌ ብርድ ተኝታ የምታለከልክ ውሻ እያረጀች ብቻ አይደለችም። ማለክለኩ፣ የኋላ እግር መድከሙና ወንድ የምትፈልግበት ወቅት መቅረቱ አንድ ላይ ሲመጡ በሽታውን ያስጠረጥራሉ።

በግምት ዴክሳሜታዞን ማስወጋት። ይህና ፕሬድኒሶሎን የኮርቲሶልን ሥራ የሚሠሩ መድኃኒቶች ናቸው፤ ለረጅም ጊዜ ሲሰጡ ኩሺንግን ራሳቸው ያመጣሉ። ስትወስድ የቆየችውን ግን በአንድ ጊዜ ማቋረጥም አደገኛ ነው፤ ሥራ የፈታው ዕጢ ቶሎ ስለማይነቃ ውሻዋ ልትወድቅ ትችላለች። ምርመራውንም ስለሚያዛባ የተወጋችውን ሁሉ ለሐኪሙ ይንገሩ።

በአንድ የደም ናሙና መወሰን። ኮርቲሶል በቀን ውስጥ ከፍና ዝቅ ስለሚል አንድ ቁጥር ብቻውን ብዙ አይናገርም። አንደኛው የታወቀ ምርመራ ጥቂት ዴክሳሜታዞን ተወግቶ ለ8 ሰዓታት ያህል ደም እየተቀዳ የሚሠራ ነው፤ ስለዚህ ላቦራቶሪው እንደሚሠራው ጠይቀው በጠዋት ይሂዱ። ከ100 የታመሙ ውሾች በ80 ያህሉ መነሻው ከአንጎል ሥር ሆና አድሬናልን የምታዘው ፒቲዩታሪ ዕጢ ናት፤ የሚታዘዘውም ብዙ ጊዜ ኮርቲሶልን የሚቀንሰው ትራይሎስታን ነው። መድኃኒቱን ጀምራ ካስመለሳት፣ ምግብ እምቢ ካለች ወይም ከዛለች መጠኑ በዝቶባት ሊሆን ይችላልና ቀጣዩን ከመስጠትዎ በፊት ሐኪሙ ጋ ይደውሉ።