ኤስቪጂ ወደ ፒኤንጂ ሲቀየር የአማርኛው ጽሑፍ ለምን ሳጥን ይሆናል?

ዲዛይነሩ ኮምፒውተር ላይ ያማረው የኤስቪጂ (በቅርጽ ትእዛዝ የሚሳል ምስል) ሎጎ ሰርቨር ላይ ወደ ፒኤንጂ (ከፒክሰል ነጥቦች የተሠራ ምስል) ሲቀየር በፊደሎቹ ቦታ ባዶ ሳጥኖች ይደረደራሉ። ከሁሉም የሚበዛው ችግር ይሄ ነው። ኤስቪጂው የያዘው የፊደሉን ቅርጽ ሳይሆን «ይህን በኒያላ ጻፍ» የሚል ትእዛዝ ነው። ኒያላ የዊንዶውስ ፎንት ነው፤ ሊኑክስ ሰርቨር አያውቀውም። ሌላ የግዕዝ ፎንት ከተጫነም ስፋቱ ስለሚለያይ «ኢትዮጵያ» ከሚለው «ያ» ተቆርጣ ልትቀር ትችላለች።

ከሳጥን ይልቅ ትርጉም የለሽ የላቲን ፊደል ከመጣ በሽታው ሌላ ነው፦ ጽሑፉ ዩኒኮድ (ለእያንዳንዱ ፊደል የራሱን ቁጥር የሚሰጠው ዓለም አቀፍ ሥርዓት) ባልሆነ የድሮ የግዕዝ ፎንት ተጽፏል። የጉግል ነጻ ፎንት የሆነው ኖቶ ቢጫን አያድነውም።

«ድረ ገጹ ላይ እኮ ፎንቱ አለ!» የሚል አይጠፋም። በአይኤምጂ ታግ (ገጽ ላይ ምስል በሚያስገባው ኮድ) የተጠራ ኤስቪጂ የገጹን ፎንት አያይም፤ ከውጭም አይጎትትም።

መፍትሄው ጽሑፉን ወደ ቅርጽ መቀየር ነው። ኢንክስኬፕ ላይ ጽሑፉን መርጦ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ሲ፤ ኢሉስትሬተር ላይ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኦ። ይህ የሚሠራው ፎንቱ ባለበት ኮምፒውተር ላይ ብቻ ነው። ከተበላሸ በኋላ ቢቀየር ቅርጽ የሚሆነው ሳጥኑ ነው። ደግሞ ኮፒ ሳታስቀምጡ እንዳትነኩት! ቅርጽ የሆነ ጽሑፍ አይታረምም፤ «ስልክ ቁጥሩ ተቀይሯል» ሲባል ከባዶ መጀመር ነው። ሲያልቅ ፋይሉን በኖትፓድ ከፍታችሁ የቴክስት ታግ ፈልጉ፤ አንድም ከቀረ ሥራው አላለቀም። ገጹ ላይ ስታስገቡት አልት (የምስሉ ገለጻ የሚጻፍበት የታጉ ክፍል) ውስጥ ስሙን በአማርኛ ጻፉ፤ አለበለዚያ ጉግልም ማየት ለተሳነው የሚያነበው ሶፍትዌርም ምንም አያገኙም።

ፒኤንጂው ከደበዘዘ አብዛኛውን ጊዜ በ96 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 96 ነጥብ) ወጥቶ ነው። ገጹ ላይ 200 ፒክሰል ስፋት ለሚኖረው ሎጎ ኤክስፖርት ሲደረግ 400 ስጡ፤ የስክሪናቸው የፒክሰል ጥግግት 3 እጥፍ ለሆነ ስልኮች 600። ትንሹን ፒኤንጂ በፎቶሾፕ መለጠጥ ብዥታውን ማሳደግ ነው።

ኤስቪጂው ራሱ ሜጋባይት ከመዘነ አብዛኛውን ጊዜ ውስጡ ጄፔግ ተደብቋል። ፎቶ ጎትቶ አስገብቶ «ሴቭ አዝ ኤስቪጂ» ማለት ቬክተር (በቅርጽ የተሳለ) አያደርገውም፤ ቤዝ 64 (በፊደልና በቁጥር የተጻፈ ፋይል) ሆኖ በሲሶ ያህል ይወፍራል እንጂ። ሎጎው እንደገና ይሳል። ንጹሕ ቬክተር ሆኖ ከከበደ ግን ኤስቪጂኦ በተባለው የኤስቪጂ ማቅለያ ፕሮግራም ላይ ከነጥብ በኋላ ያሉትን አሃዞች ወደ 2 አውርዱ። ወደ 0 ካወረዳችሁት የ«ሐ» እና የ«ጠ» ኩርባዎች ይሰባበራሉ።

ከኤስቪጂኦ በኋላ ሎጎው አልሰፋም አልጠብም ካለ ቪውቦክሱ (የሥዕሉን ልኬት የሚወስነው መስመር) ተሰርዟል፤ ኤስቪጂኦ እስከ 3ኛው ስሪት ሳይጠየቅ ይሰርዘው ነበር። መልሱት።

አልፎ አልፎ የአንዱ አይከን ቀለም ሌላው ላይ ይታያል፦ ሁለት ግራዲየንት (ቀስ በቀስ የሚለዋወጥ ቀለም) አንድ አይዲ (መለያ ስም) ይዘዋል።